ሞተሩ የነከሰ የ1929 ፎርድ፦ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንድ ገበሬ መጋዘን የቆመ የ1929 ፎርድ ሞዴል ኤ፣ ባለ ሁለት በር ቱዶር አግኝቻለሁ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም፤ በማኖቬላም (ሞተሩን በእጅ በሚያዞረው ብረት) አይዞርም። ባለቤቱ 6,500 ዶላር ይላል። እዚያው አካባቢ የዚያው ዓመት ሸቭሮሌ በ4,000 አለ። የትኛው ይሻለኛል? ፎርዱን ብገዛስ ሙሉ በሙሉ ፈትቼ እንደ አዲስ ልሥራው? ወደ 12 ቮልት ልቀይረው?»

ምላሽ፦

ባጭሩ፣ ፎርዱን ይውሰዱ። የነከሰው (ደርቆ አልዞር ያለው) ሞተር ከሚያሳስቡት ነገሮች መጨረሻው ነው። ሙሉ በሙሉ አይፍቱት። 6 ቮልቱንም አይንኩት። ምክንያቱን ልዘርዝረው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሸቭሮሌው መጥፎ መኪና ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በሞተር የ1929ኙ ሸቭሮሌ ይበልጣል፦ ስድስት ሲሊንደር፣ ቫልቮቹ ከላይ፣ 46 የፈረስ ጉልበት። ፎርዱ ያለው አራት ሲሊንደርና 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ጣጣው ያለው ቦዲው ላይ ነው። ፊሸር የተባለው ቦዲ ሠሪ የሠራው የሸቭሮሌ ቦዲ አጥንቱ እንጨት ነው፤ ላሜራው እንጨቱ ላይ የተመታ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። እርጥበት ባለበት መጋዘን አሥርት ዓመታት የቆመ እንጨት ከግርጌው ይበሰብሳል፤ ከዚያ በሩ ይወርዳል፣ መስተዋቱ ይጣበቃል፣ ላሜራው የሚይዘው ያጣል። ይህን መመለስ የመካኒክ ሳይሆን የአናጺ ሥራ ነው፤ ያውም ልኩን ከበሰበሰው ላይ እየወሰደ የሚቀርጽ አናጺ። በ4,000 የተገዛ ሸቭሮሌ ከፎርዱ በላይ የሚያስወጣው በዚህ ነው።

ሞዴል ኤ ከ1927 መጨረሻ እስከ 1932 መጀመሪያ ወደ 4.8 ሚሊዮን ተመርቷል። ከዚህ ብዛት የተነሳ ከጓርኒሲዮን (በብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) እስከ ራዲያተር ዛሬም በአዲስ እየተሠራ ይሸጣል፤ መለዋወጫውን በፖስታ እስከ ደጅዎ ያስመጣሉ። የቱዶሩ ቦዲ ደግሞ በአብዛኛው ብረት ነው፤ ዋናው እንጨቱ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ያገኙት ባለ ሁለት በር መሆኑ ዕድል ነው፤ በብሪግስና በመሪ ኩባንያዎች የተሠራው ባለ አራት በሩ ፎርዶር ግን ውስጡ እንጨት ስለሚበዛበት እንደ ሸቭሮሌው ያስቸግራል።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንግባ። መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ ነው። በብሎኩ ግራ ጎን፣ ከራዲያተሩ የሚመጣው ውኃ ከሚገባበት ጉሮሮ በላይ፣ ተስተካክሎ የተላገ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። በሽቦ ብሩሽ ሲጠረግ በኤ ፊደል የሚጀምር፣ ግራና ቀኙ ኮከብ የተመታበት ቁጥር ይወጣል። የ1929 ሞተሮች ከ810 ሺህ ግድም ተነስተው እስከ 2 ሚሊዮን 740 ሺህ ግድም ይደርሳሉ። ያው ቁጥር በግራው የሻንሲ ብረት ላይኛ ገጽም ተመቷል፤ ግን ቦዲው ተቀምጦበታልና ቦዲው ካልተነሳ አይታይም። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) የሚጻፈው በሞተሩ ቁጥር ነበር። እነዚህ መኪኖች ደግሞ በሥራ ዘመናቸው ሞተር ይቀየርላቸው ስለነበር ታይትሉ አንድ፣ ብሎኩ ሌላ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። ቁጥሮቹ ካልተገጣጠሙ፣ ወይም ሰውየው «ታይትሉ ጠፍቷል፣ ደረሰኝ እጽፍልሃለሁ» ካለዎት፣ መኪናው በሜሪላንድ በስምዎ እንደሚመዘገብ ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። ሞተር ይጠገናል፤ ወረቀት ግን ሲያስለቅስ ይከርማል።

ቀጥሎ ማግኔት። ቀለሙን እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ከኋላ ጎማው በስተጀርባ ያለውን የቦዲ ግርጌ፣ የበሮቹን ታች፣ ከኋላ መስኮቱ በታች ያለውን ላሜራ ጫፍ ይንኩ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (ቀዳዳ መሙያ ልጥፍ) ነው። ለእነዚህ ቦታዎች መለጠፊያ ላሜራ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ስለዚህ የእጅ መዳፍ የምታህል ዝገት አታስደንግጥዎት። የሚያስደነግጠው ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚያርፍበት የታችኛው ብረት ከተበላ ነው፤ ያኔ ቦዲው ቅርጹን ያጣል፣ በሮቹም አይገጥሙም። በሩን በግማሽ ከፍተው በእጅዎ ወደ ላይ ያንሱት። ማጠፊያው ብቻ ከተነቃነቀ ፒኑ አልቋል፤ ርካሽ ነው። ምሰሶው አብሮ ከተነቃነቀ ግርጌው ተበልቷል ማለት ነው። በሻንሲው ርዝመት ሲባጎ ወጥረው መሐሉ መጉበጡንም ይዩ።

ጣሪያው መሐሉ ላሜራ አይደለም፤ እንጨት ላይ የተወጠረ የተቀባ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሲቀደድ ውኃው ቀስ ብሎ ከፊት መስተዋቱ በላይ ያለውን እንጨት ይበላዋል። ከውስጥ በአውራ ጣት ይጫኑት፤ እንደ ዳቦ ከገባ ያ እንጨት መቀየር አለበት። ደግነቱ ተዘጋጅቶ ይሸጣል።

የጎደለውንም ይቁጠሩ። ሞዴል ኤ ላይ ኪስ የሚያራቁተው የተበላሸው ሳይሆን የጠፋው ነው። አራቱ ሁዳይ የሚባሉት የዘይት ሾክ አብዞርበሮች፣ ሞላላው የዳሽቦርድ ጌጅ ሰሌዳ፣ የፊት መብራቶቹ ከነመስተዋታቸው፣ የበር እጀታዎቹ አሉ ወይ? «ሳጥን ውስጥ ናቸው» ከተባሉ ሳጥኑ ይከፈት።

ወደ ሞተሩ። በማኖቬላ አይዞርም ማለት ሁልጊዜ ነክሷል ማለት አይደለም። የሞተሪኖው (የማስነሻው ትንሽ ሞተር) ጥርስ ፍላይዊሉ ላይ ተቆልፎ ሲቀር ሞተሩ የነከሰ ያህል ድርቅ ይላል። ሞተሪኖውን የያዙት ሦስት ብሎኖች ናቸው፤ የባትሪ ገመድ አለመኖሩን አረጋግጠው ያላሏቸው፣ ከዚያ መኪናውን ሦስተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብተው ወደፊትና ወደኋላ በእጅ ያወዛውዙት። «ቀጭ» ብሎ ከተላቀቀ የብዙ ቀን ሥራ ቀረልዎት። ይህን ሻጩ ፊት ከማድረግዎ በፊት ዋጋውን ቢጨርሱ ይሻላል!

ካልተላቀቀ በእርግጥ ነክሷል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በተከፈተ ቫልቭ በኩል የገባ እርጥበት የፒስቶን ፋሻውን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ማጣበቁ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ቀላቅለው በየካንዴላው ቀዳዳ የቡና ሲኒ ያህል ያፍስሱና ቢያንስ አንድ ሳምንት ይተዉት፤ አሴቶኑ ስለሚተን በየሁለት ቀኑ ይጨምሩ፤ እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። በዚህ ሞተር ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ብሎኩ ውስጥ ስለሆኑ ከፈሳሹ ከፊሉ ቫልቮቹ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ሳምንት ጠብቀው ካልተነቃነቀ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ማንሳት ይሻላል። 14 ዳዶ ነው። አሴቶኑ ፈጽሞ ከተነነ በኋላ ዳዶዎቹን እያሞቁና ዘይት እያጠጡ ያላቅቁ፤ ቴስታታው አልነሳ ካለ በመካከሉ መሮ ወይም ካቻቢቴ አይምቱበት፣ የብሎኩ ገጽ ከተቧጠጠ ጓርኒሲዮኑ አይዘጋም።

ከተነሳ በኋላ ሲሊንደሮቹን ያያሉ። ከአራቱ ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ ቀይ ዝገት፣ ሌሎቹ ንጹሕ ሆነው ማግኘት የተለመደ ነው። ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ ዘይት ቀብተው፣ በጠንካራ እንጨት ላይ በመዶሻ ፒስቶኑን በስሱ ይምቱት። 1ኛና 4ኛ አብረው፣ 2ኛና 3ኛ አብረው ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ መምታት የሚሠራው ፒስቶኖቹ ከሲሊንደሩ መሐል አካባቢ ሲቆሙ ነው፤ ጫፍ ላይ የደረሰውን መምታት ጉልበት ማባከን ነው። ፀጉር ስንጥቅ ያህል ሲነቃነቅ በማኖቬላው ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሱ ያስፉት። ማርሽ ውስጥ አስገብቶ በሌላ መኪና መጎተት ግን የፒስቶኑን ፋሻ ወይም ፒስቶኑን ራሱን መስበር ነው፤ ይህን የሚመክርዎት አይጠፋም፣ አይስሙት።

ቴስታታው ተነስቶ ሳለ ከቫልቭ መቀመጫ ወደ ሲሊንደሩ የሚሄድ ስንጥቅ ይፈልጉ። የተጣበቁ ቫልቮችም ይኖራሉ፤ የዚህ ሞተር ቫልቭ እግሩ እንደ እንጉዳይ ሰፊ ስለሆነ ጋይዱ (እግሩ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፣ ሁሉም አብሮ በልዩ መሣሪያ ወደ ላይ ይወጣል። የፋብሪካው ታፔት (ቫልቩን ከሥር የሚገፋው) መስተካከያ የለውም፤ ክፍተቱ የሚስተካከለው የቫልቩን እግር በመሞረድ ነበር። አዲሱን ባለ መስተካከያ ታፔት ይግዙና ለሚያስገባው 0.013፣ ለሚያስወጣው 0.015 ኢንች ይስጡት።

የዘይት ገንዳውንም ሳያወርዱ ሞተሩን አያስነሱ። የዘይት ማጣሪያ የሌለው ሞተር ነው፤ ሲያወርዱት እንደ ቅቤ የረጋ ጥቁር ዝቃጭ ያገኛሉ። ገንዳው ሲወርድ የዘይት ፓምፑ አብሮ ሊወድቅ ይችላል፣ ወደ ላይ ደግፎ የያዘው ገንዳው ነውና፤ አንድ እጅዎን ከስር ያዘጋጁ። ዝቃጩን በጣትዎ እያሹ ይመልከቱ። እንደ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ካለበት ቁም ነገሩ ያ ነው፦ ይህ ሞተር ተነቅሎ የሚቀየር ብሮንዚና (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ) የለውም፤ ባቢት የሚባለው ለስላሳ ነጭ ብረት ቀልጦ በቀጥታ ብሎኩና የፒስቶን ክንዱ ላይ የፈሰሰ ነው። ጤነኛ ከሆነ ክፍተቱ 0.0015 ኢንች ግድም ሆኖ፣ በመካከል ያሉትን ስስ ቅጠሎች በመቀነስ ይጠብቃል። ከተሰነጠቀና ከረገፈ ግን እንደገና የሚያፈስልዎት ባለሙያ ያስፈልጋል። በጀትዎን ሲያወጡ ትልቁን ቁጥር እዚህ ላይ ይጻፉ፤ ሙሉ የሞተር ሥራ ጥቂት ሺህ ዶላር ያስወጣል። ገንዳው ንጹሕ ከሆነ 5 ኳርት 10 ደብሊው 30 ዘይት ይሙሉበት።

ቴስታታው በአዲስ ጓርኒሲዮን ሲመለስ ከመሐል ወደ ዳር በሦስት ዙር እስከ 55 ፉት ፓውንድ ይጠብቃል፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም እንደገና።

ቤንዚኑ ፓምፕ የለውም። 10 ጋሎን የሚይዘው ታንክ ከፊት መስተዋቱ ሥር፣ ከጉልበትዎ በላይ ነው፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተሩ ይወርዳል። ታንኩ የቦዲው አካል ስለሆነ ፈትቶ ማውጣቱ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ውስጡን በደንብ ይዩት። ቀላል ዝገት ከሆነ በነጭ ኮምጣጤ ሞልተው ጥቂት ቀን ያቆዩት፣ ይድፉት፣ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አለቅልቀው ወዲያው ያድርቁት። ከውስጥ የሚቀባ ማሸጊያ አልመክርም፤ የዛሬው ቤንዚን ኢታኖል ስላለበት ማሸጊያው እየተላጠ ቱቦውን ይዘጋል። ለመጀመሪያው ሙከራ ታንኩን ጭራሽ ይተዉትና ከካርቡራተሩ ከፍ አድርገው ከሰቀሉት ትንሽ ዕቃ ያጠጡት።

የማቀዝቀዣው ውኃ 3 ጋሎን ነው። የብሎኩ የኋላ ክፍል፣ 4ኛው ሲሊንደር አካባቢ፣ ዝገት ይከማቻልና ቴስታታው ተነስቶ ሳለ በሽቦ እየቆፈሩ ይጠቡት። ከላይኛው የራዲያተር ቱቦ ውስጥ የሴት ስቶኪንግ ቁራጭ ያስገቡበት፤ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች የሚይዘውን ቀይ አፈር ሲያዩ ራዲያተሩ ለምን እንደሚዘጋ ይገባዎታል።

ስለ ኤሌክትሪኩ፦ 6 ቮልት ነው፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውም ፖዘቲቩ ነው። እንደ ዛሬ መኪና ገልብጠው እንዳያስሩት። «6 ቮልት ሞተሪኖ ደካማ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ የገመዱ ጥፋት ነው፤ ለተመሳሳይ ጉልበት እጥፍ አምፔር ስለሚጠይቅ የዛሬው የ12 ቮልት ቀጭን ገመድ አይበቃውም። ቁጥር 1/0 ወይም ከዚያ የወፈረ ገመድ፣ ከቀለምና ከዝገት ነጽቶ ብረቱ የሚያብለጨልጭ የመታሰሪያ ቦታ፣ ያ ብቻ ነው። ወደ 12 መቀየር አምፖሎቹን፣ ቦቢናውን፣ ዲናሞውን አስለውጦ ያልነበረ ችግር ያመጣልዎታል። በጨርቅ የተሸፈነውን አሮጌ ሽቦ ግን ሙሉ በሙሉ ይለውጡ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊውዝ አልነበረውምና ሞተሪኖው ላይ የሚታሰር ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ይጨምሩ። ቤንዚኑ ከእግርዎ በላይ መሆኑን አይርሱ።

የካንዴላ ክፍተት 0.035፣ የዲስትሪቢውተሩ ኮንታክት ከ0.018 እስከ 0.022 ኢንች፣ የእሳቱ ተራ (ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ቅደም ተከተል) 1፣ 2፣ 4፣ 3። የእሳቱን ሰዓት ለማግኘት ፎርድ ያስቀመጠውን ብልሃት ይጠቀሙ፦ ከሞተሩ ፊት ባለው ሽፋን ላይ ያለችውን ፒን ፈትተው ገልብጠው ያስገቡና፣ ማኖቬላውን በዝግታ እያዞሩ ፒኗን በጣትዎ ይጫኑ። የካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለች ጉድጓድ ውስጥ ጠልቃ ስትገባ 1ኛው ሲሊንደር አናቱ ላይ ነው። ከዚያ ፒኗን መልሰው ማሰርዎን አይርሱ፤ ረስቶ ሞተር የሚያስነሳ አለ።

ሲያስነሱ፦ ከመሪው በስተግራ ያለው የእሳት ሰዓት ማንሻ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ፣ የቀኙ የነዳጅ መስጫ ማንሻ ጥቂት ጥርስ ወደ ታች፣ የቤንዚን መጠን ማስተካከያው አንድ ሙሉ ዙር ክፍት። ቾኩን ስበው ሞተሪኖውን ይርገጡ፣ ሲነሳ ቾኩን ወዲያው ይልቀቁ፣ የግራውን ማንሻ ወደ መሐል ያውርዱ፣ ሲሞቅ ማስተካከያውን ወደ ሩብ ዙር ይመልሱ። የግራው ማንሻ ወርዶ ሳለ በማኖቬላ ካስነሱ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታና የእጅ አንጓ ይሰብራል። አውራ ጣትዎ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ይሁን፣ ማኖቬላውን አይክበበው።

ሞተሩ ተነሳ ማለት መንገድ ይወጣል ማለት አይደለም። ፍሬኑ በዘይት ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ ነው፤ በሚገባ ከተሠራ ጎማውን ይቆልፋል፣ ካልተሠራ ግን እግርዎን እስከ ወለሉ ቢረግጡም አይቆምም። ስሙ የጠፋው ዘንጎቹን በማሳጠር «የሚያጠብቁ» ሰዎች ስላበላሹት ነው። የሸራው ማለቅ የሚካካሰው በየጎማው ባለው መስተካከያ ሲሆን ዘንጉ ልኩን እንደያዘ ይቆያል፤ ያለቁት ፒኖችና ቀዳዳዎች መጀመሪያ ይታደሱ። ስስ የብረት ከበሮዎቹ ሲሞቁ ስለሚለጠጡ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ፈስሰው በተሠሩት (ካስት አይረን) ይቀይሯቸው፤ ለዚህ መኪና ከሚያወጡት ገንዘብ ሁሉ ይህ ይበልጥ የሚጠቅምዎት ነው። አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት ብናኙን በአየር አይንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። የኋላውን ከበሮ በመጎተቻ ያውጡ፣ አክሱሉን ጫፉ ላይ አይምቱ፤ ሲመልሱ ዳዶው ቢያንስ 100 ፉት ፓውንድ። የኋላውን ባሌስትራ (የቅጠል ሞላ) ደግሞ ያለ መወጠሪያ መሣሪያ አይፍቱ፤ ሲለቅ አጥንት ይሰብራል።

ጎማው 21 ኢንች ቸርኬ ላይ 4.50 ነው፣ ከነካሜራዳሪው፣ በ35 ፒኤስአይ።

ሙሉ በሙሉ አይፍቱት ያልሁበት ምክንያት ቀላል ነው። በየማስታወቂያው «ዘጠና ከመቶ የተሟላ፣ ሳጥን ውስጥ» ተብለው የሚሸጡት ሞዴል ኤዎች ሁሉ አንድ ቀን ሙሉ መኪና የነበሩ፣ በአንድ የበዓል ሳምንት ተፈትተው በዚያው የቀሩ ናቸው። መጀመሪያ እንዲነሳ፣ ቀጥሎ እንዲቆም፣ ከዚያ አንድ በጋ በሰዓት 40 ማይል እየነዱ የጎደለውን ይወቁ። ቀለም መጨረሻ ነው። ቀለም ላይ ሲደርሱም ፓራፋንጎዎቹ (የጎማ ክዳኖቹ) ጥቁር መሆናቸውን አይርሱ፤ ፋብሪካው ቦዲውን በተለያየ ቀለም ሲቀባ ፓራፋንጎውን በአብዛኛው ጥቁር ያደርገው ነበር። የራዲያተሩ ቅርፊትና የፊት መብራቶቹም በ1929 ኒኬል ነበሩ፤ ኒኬል ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ንጣት አለው። ክሮም ያስቀባ ሰው ብዙ ከፍሎ መኪናውን ከዘመኑ ያርቀዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፦ ታይትሉና ብሎኩ ከተገጣጠሙ፣ የቦዲው ግርጌ ከያዘ፣ የቆጠሩት ዕቃም ካልጎደለ፣ 6,500 የሚያስቆጣ ዋጋ አይደለም፤ ሞተሩ መንከሱን ይዘው ወደ 5,000 ለማውረድ ይሞክሩ። ግርጌው ከተበላ ግን በ3,000ም ይቅርብዎ፤ በዚያ ገንዘብ ላይ ጨምረው እየነዱ የሚመጡበት ቱዶር ያገኛሉ። ለዚያም በየጥቅምቱ ሐርሺ፣ ፔንሲልቬንያ የሚደረገው ትልቁ የአሮጌ መኪኖች ገበያ ከእርስዎ ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱ የሞዴል ኤ ማኅበራትም በየአካባቢው ቅርንጫፍ ስላላቸው ገንዘብ ሳይከፍሉ አንድ አባል አብሮዎት እንዲያይ ይጠይቁ።

ሲሄዱ ባትሪ መብራት፣ ማግኔት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሲባጎና ለሞተሪኖው ብሎኖች የሚሆን ቁልፍ ይያዙ። መኪናው ሥር ለመግባት ክሪክ ብቻ አይመኑ፤ የመጋዘን ወለል ብዙ ጊዜ አፈር ነው፣ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ፣ ከሻንሲው ሥር ደግሞ ማቆሚያ ያድርጉ።